የቀለህ አንገት መላግ፦ ከጎንደር ውጅግራ እስከ ክላሽ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የዚህ ቻናል ተከታታይ በውስጥ መስመር ረዘም ያለ መልእክት ላከልኝ። የዳባት ልጅ ነው፤ አሜሪካ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እዚያ የኢላማ ተኩስ ክለብ አባል ሆኖ፣ ቅዳሜና እሁድን ወረቀት ላይ ሲተኩስ ይውላል። ጥይቱን ከሱቅ አይገዛም፤ የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስቦ፣ አጽድቶ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን ሰክቶ ራሱ ይሞላዋል። በቅርቡ ደግሞ የቀለሁን አንገት ዙሪያውን የሚልግ ትንሽ የእጅ ቶርኖ ገዝቶ ሌሊቱን ከእሱ ጋር ማሳለፍ ጀምሯል።

ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ወንድሜ፣ መቶ ቀለህ ለመላግ ሁለት ሌሊት ይፈጅብኛል። ውጤቱ ግን ያው ነው። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው፤ ቀለህ ሲሞሉ በልጅነቴ አይቻለሁ። እሳቸው ይህን ሁሉ ሳይለፉ ነው ያነጣጠሩትን የሚመቱት ይባል የነበረው። እውነት ይህ ነገር ይጠቅማል?»

በመጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አይደለሁም። ጎንደር ላይ ተቀምጦ፣ በዚህ ሰዓት፣ ስለ ጥይት አሠራር መጻፍም ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ነገሩን ሳገላብጠው ግን ጥያቄው የአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። የደጋው ሰው ከጠመንጃ ጋር የኖረበት ታሪክ በዚያች በናስ አንገት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ታሪኩን ልንገራችሁ፤ የልጁን ጥያቄ መልስ ወደ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

▪️ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር፣ እና ከቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው እሳት ጫሪ ቆብ። ቃታው ሲሳብ መርፌው ቆቧን ይመታል፤ እሳቱ ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ጋዙ አረሩን በአፈሙዙ ይገፋዋል። ከአራቱ ውስጥ ከተኩስ በኋላ ተርፎ እጃችን ላይ የሚቀረው ቀለሁ ብቻ ነው። ቀለሁ ናስ ከሆነ እንደገና ሊሞላ ይችላል።

የቀለህ አንገት አረሩን አቅፎ የሚይዘው ጠባቡ ክፍል ነው። ፋብሪካ ሲሠራው የግድግዳው ውፍረት ዙሪያውን እኩል አይሆንም። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ሦስት ወይም አምስት እጅ ነው፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ይህ ልዩነት አረሩን ከመሐል መስመሩ በትንሹ ሊያጋድለው ይችላል። አንዱ አንገት ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ስለሚይዝም አረሮቹ የሚለቀቁበት ኃይል ይለያያል። አንገቱን መላግ ማለት ወፍራሙን ጎን በስለት ላግ አድርጎ ዙሪያውን እኩል ማድረግ ነው። አናጢ ጣውላን በመላጊያ እንደሚያስተካክለው መሆኑ ነው።

ሐሳቡ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ።

▪️ ሻማና ጋሻ

በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የራስ ሚካኤል ዘመድ የሆነና በተኩስ ችሎታው የሚኮራ ገብረ መስቀል የሚባል ሰው ከብሩስ ጋር በመጠጥ መካከል ተጣላ። የጠቡ መነሻ ማን ይበልጥ ተኳሽ ነው የሚል ነበር። ብሩስ በንዴት፣ የእኔ የሻማ ቁራጭ ካንተ አረር ይበልጣል አለ። ነገሩ ከንጉሡ ጆሮ ደረሰ። ብሩስ በንጉሡ ፊት ጠመንጃውን በእርሳስ ፈንታ በሻማ ቁራጭ ጎርሶ ተኮሰ፤ ሻማው ሦስት ጋሻ በስቶ አለፈ።

ቤተ መንግሥቱ ተአምር አየ። ነገሩ ግን ተአምር አልነበረም፤ ለስላሳ ነገርም በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ቆዳ ይበሳል። ብሩስ ያሳየው የጉልበት ትርኢት እንጂ የኢላማ ችሎታ አልነበረም። ጋሻዎቹ መቶ ሜትር ርቀው ቢቀመጡ ሻማው የት እንደሚያርፍ ማንም ባላወቀ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ሁለት ነገር ለመለየት ነው። የመብሳት ኃይል አንድ ነገር ነው፤ ያሰቡት ቦታ መምታት ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ጠመንጃ ከአፉ ይጎረስ ነበር፤ አረሩ ከአፈሙዙ ስፋት ትንሽ ማነስ ነበረበት፤ አለበለዚያ አይገባም። በዚያች ክፍተት ምክንያት አረሩ እየተንገጫገጨ ይወጣል፤ የመጨረሻው ግጭት ወደ የት እንደሚልከው አይታወቅም። ስለዚህ የዘመኑ ተኳሽ ዋና ችሎታ መቅረብ ነበር። እጁ የቱን ያህል ቢጸና፣ መሣሪያው ራሱ የማይሰጠውን ልክ ሊያወጣለት አይችልም።

▪️ ጋፋትና አሮጌ

መቶ ዓመት ሳይሞላ ይህን የልክ ጉድለት ከማንም በላይ የተረዳ የጎንደር ሰው ተነሣ። ከቋራ የወጣው ካሣ፣ በ1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። አፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ መግዛት ብቻ አልፈለጉም፤ የመሥራቱን ጥበብ ነበር የፈለጉት። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን ነበር።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያንን ብረት መንገድ እየቆረጡ፣ ገደል እያለሰለሱ፣ በሰው ጉልበት አጓጓዙት፤ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በዚያው ጊዜ ግን አገሩ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ጎንደር ተዘርፋና ተቃጥላ ነበር፤ ያውም በራሳቸው ትእዛዝ። ቤተ ክህነቱ ተቀይሟል፤ መሳፍንቱ ሸፍተዋል፤ ገበሬው ሸሽቷል፤ ጦሩም ከድቶ ሳስቷል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ጦር ከመቅደላ ወርዶ የናፒየርን ጦር ገጠመ። እንግሊዞቹ በጦር ሜዳ ገና አዲስ የነበረውን፣ ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ነበር፤ በኋላ የእኛ ሰው «ሰናድር» ያለው እሱን ነው። ጥይቱ በስስ ናስ የተጠቀለለ፣ አረሩና ባሩዱ አንድ ላይ ተሰናድቶ የመጣ ነው። አንዱ ከሌላው አይለይም። ከቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ እንግሊዞቹ በጣት የሚቆጠር ሰው ብቻ ነው ያጡት። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ።

አሮጌ ላይ ጀግንነት አልጎደለም፤ መድፍም አልጠፋም። የጎደለው አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ደጋግሞ የመሥራት አቅም ነበር። ያ የስናይደር ጥይት እንግሊዝ አገር፣ ውልዊች፣ ኤድዋርድ ቦክሰር በሚባል መኮንን የተሠራ ንድፍ ነው። ነገሩን የሚገርም የሚያደርገው፣ ዛሬ አሜሪካ ያለው የዳባት ልጅ የሚሞላው ቀለህ ቂጥ ላይ ያለችው ባለ አንድ ቀዳዳ ቆብ «ቦክሰር» እየተባለች የምትጠራው በዚሁ ሰው ስም መሆኑ ነው። ልጁ ሳያውቀው የአሮጌን ጥይት ዘር ነው በየሌሊቱ የሚያጸዳው።

▪️ ውጅግራ፦ ቀለህ የማይጣልበት ዘመን

አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብጾችን ሲያሸንፉ በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረኩ። የደጋውን ሰው ልብ የገዛው ግን ሌላ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ግራ በሚባል መኮንን ንድፍ አንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ሠሩ። በእነሱ ቋንቋ «ፉዚ ግራ»፤ በእኛ አፍ «ውጅግራ»።

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ሌበል ስትቀበል፣ መጋዘን ሙሉ ውጅግራ ትርፍ ሆነ። ትርፉም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ ፈሰሰ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ ሳይቀር ጠመንጃ ጭኖ ሸዋ ድረስ መጥቶ ለምኒልክ ሸጧል። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ከተተኮሰው ብዙው በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ውጅግራ ለምን ተወደደ? መጀመሪያ ነገር፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ የሚተፋ ጉልበተኛ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለዛሬው ጉዳያችን የበለጠ ይጠቅማል፦ ቀለሁ ወፍራም ናስ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ አገራችን ውስጥ ይሠራ ነበር። ጨው ጴጥሩ ከአፈር ይነጠራል፤ ድኝ ከቆላ ይመጣል፤ ከሰሉን ሁሉም ያውቀዋል። እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። ስለዚህ ቀለህ የያዘ ሰው ጥይት የማግኘት ተስፋ ያለው ሰው ነበር።

በዚህ ምክንያት ጥይት ገንዘብ ሆነ። ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን የውጅግራ ጥይት በገበያ ይመነዘር ነበር። ቀለህም አይጣልም። ተኳሹ ተኩሶ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው የመታውን ሳይሆን የወደቀውን ቀለህ ነው የሚባለው ቀልድ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ልጁ አያት እንምጣ። አዛውንቱ ቀለህ ሲሞሉ ምን ምን ይለያይባቸው ነበር? ባሩዱ በየጊዜው ጥንካሬው ይለያያል፤ አንዱ ደረቅ፣ ሌላው እርጥብ፤ አንዱ ደቃቅ፣ ሌላው ሻካራ ነው። ፋብሪካው 5.25 ግራም ብሎ የመዘነውን እሳቸው በስፍር ነው የሚለኩት። እርሳሱ ውስጥ አየር ሊቀር ይችላል። አፈሙዙ በጥቁር ባሩድ ጥላሸት ተበልቷል። በዚህ ሁሉ መካከል የአንገቱ ውፍረት በፀጉር ያህል መለያየቱ ከቁጥር አይገባም። ለአዛውንቱ «አንገቱን ልገህ እኩል አድርገው» ቢባሉ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ባሩዱን አድርቅልኝ» ማለታቸው አይቀርም። ትክክልም ነበሩ።

ታዲያ እንዴት ይመቱ ነበር? መልሱ ከብሩስ ዘመን ብዙም አልተለየም። ርቀቱን ያውቁታል፤ ጠመንጃው ወደ የት እንደሚያጋድል ከልጅነት ጀምሮ አጥንተውታል፤ ድንጋይ ተደግፈው፣ ትንፋሽ ውጠው፣ ቀርበው ይተኩሳሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በከንቱ አይተኩሱም። ጥይቱ ገንዘብ ነውና።

▪️ የጥይት ረኀብ

ያ ዘመን የተዘጋው ግን በኬሚስትሪ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ በቤት ውስጥ የሚወቀጥ ነገር አይደለም፤ አሲድና ፋብሪካ ይፈልጋል። አዲሶቹ ጠመንጃዎች፣ ምንሽሩም ቤልጅጉም፣ የሚበሉት እሱን ነው። ጠመንጃው ሲሻሻል ባለቤቱ የሌላ አገር ጥገኛ ሆነ። ይህን መሻሻል ሁላችንም በደስታ ነው የተቀበልነው፤ ዋጋውን ያየነው በ1928 ዓ.ም. ነው።

ጣልያን ሲመጣ የእኛ ጦር የያዘው ጠመንጃ በዓይነት በዓይነቱ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዓለም ደግሞ የመሣሪያ በሩን ዘግቶብን ከርሟል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው ደምበጉና ላይ የጣልያን ታንኮችን ሲገጥሙ፣ ጥይታቸው ብረቱን አልበሳ አለ። ታንኩ ላይ ወጥተው በእጃቸው ነው የማረኩት። ጀግንነቱን ሁላችንም እንተርከዋለን። ሰው ታንክ ላይ በእጁ እንዲወጣ ያስገደደውን የጥይት ረኀብ ግን አንተርከውም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት በአርማጭሆ፣ በወልቃይት፣ በሰሜን ተራሮች የተዋጉት አርበኞች፣ አሞራው ውብነህን የመሰሉት፣ ጥይታቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከጠላት ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣልያን ምሽግ ወደቀ። ያን ቀን በየገደሉ የተረፈው ጠመንጃና ጥይት የደጋው ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ ለትውልድ ተሰቀለ።

▪️ ክላሽና የአጎቱ ልጅ

ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ ሲጎርፍ ክላሽ መጣ። የክላሽ ቀለህ በብዛት ብረት እንጂ ናስ አይደለም፤ ቀለም ወይም መዳብ ተቀብቶ ይመጣል። ቂጡ ላይ ያለው የቆብ ዓይነትም ለመንቀልና ለመተካት አስቸጋሪ ነው። በአጭሩ፣ ተተኩሶ እንዲጣል ነው የተሠራው። ከክላሽ ጋር ቀለህ የመሰብሰብ ባህላችን ሞተ። አንድ በአንድ የሚቆጠረው ጥይት በካዝና የሚቆጠር ሆነ። ቆጥቦ መተኮስ የጀግና ምልክት የነበረበት አገር፣ ለሠርግም ለልቅሶም ሰማይ ላይ የሚረጭበት አገር ሆነ።

አሁን ለዳባቱ ልጅ ልንገረው ያሰብኩት ታሪክ እዚህ ይመጣል። ሩሲያውያን በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የክላሽን ጥይት ወስደው አንገቱን አጠበቡት፤ ለአደንና ለስፖርት የሚሆን 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ወጣው። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ ሐኪሙ ሉ ፓልሚሳኖና የብረት ሥራ ባለሙያው ፌሪስ ፒንደል፣ ያንኑ የሩሲያ ቀለህ ወስደው እንደገና ቀየሩት። ከዚያ የወጣው 6 ሚሊ ሜትር ፒፒሲ የተባለው ጥይት፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በሚተኮስ የኢላማ ውድድር ለብዙ ዓመታት ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ሆነ። አምስት ጥይት ተተኩሶ ወረቀቱ ላይ አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ብቻ የሚታይበት ውድድር ነው።

እንግዲህ በዓለም ላይ በትክክለኛነቱ የታወቀው ጥይትና በየሠርጉ ወደ ሰማይ የምንረጨው ጥይት የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አንገት መላግ የግድ የሆነውም በዚያ በፒፒሲ ቤት ነው። እነዚያ ተወዳዳሪዎች ጥይቱ የሚያድርበትን የጠመንጃውን ክፍል፣ በተለይ አንገቱ የሚገባበትን ቦታ፣ ሆን ብለው አጥብበው ያስቆርጡታል። ያልተላገ ቀለህ ጨርሶ አይገባም፤ ስለዚህ ይላጋል። አፈሙዙ ውድ ነው፤ አረሩ ምርጥ ነው፤ ነፋሱ በባንዲራ ይለካል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ስላለቀ ነው ያቺ የፀጉር ያህል ልዩነት መታየት የቻለችው።

▪️ መልሱ

ስለዚህ ወንድሜ፣ መልሴ ይኸው፦

ጠመንጃህ ለዚያ ተብሎ ጠበብ ተደርጎ የተቆረጠ ከሆነ ላገው፤ ምርጫ የለህም። ከሱቅ የገዛኸው ተራ ጠመንጃ ከሆነ ግን ድካምህን ቆጥብ። ፋብሪካው አሸዋ የገባበትም፣ ወፍራም አንገት ያለውም ጥይት ሁሉ እንዲገባ ሲል ክፍሉን ሰፋ አድርጎ ነው የሠራው። አንተ አንገቱን ባሳሳኸው ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። በተኮስክ ቁጥር ናሱ አብዝቶ ይለጠጣል፤ መልሰህ ታጠበዋለህ፤ እንደገና ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ለማስተካከል ብለህ ዕድሜውን ታሳጥረዋለህ።

ይልቅ ያንኑ ሌሊት ለመለኪያው ስጠው። መቶውን ቀለህ ለካ፤ እኩል የሆኑትን ለውድድር ለይ፤ የተንጋደዱትን ለልምምድ አድርግ። ሳትልግ መምረጥ ብቻውን አብዛኛውን ጥቅም ይሰጥሃል። ከዚያ ባሩዱን በትክክል መዝን። ከዚያ አፈሙዝህን ተመልከት። ከዚያ ወጥተህ ነፋስ ማንበብ ተለማመድ። ይህን ሁሉ አድርገህ ወረቀቱ ላይ የቀረው ስሕተት ከአንገቱ መሆኑን እርግጠኛ ስትሆን፣ ያን ጊዜ ቶርኖህን አውጣ። አያትህ ይህን ሁሉ በቁጥር አያውቁትም ነበር፤ ቅደም ተከተሉን ግን ያውቁታል።

▪️ ለእኛስ?

ውድ ተከታታዮች፣ ጽሑፉን እዚህ ላይ ብዘጋው የአንድ ስፖርተኛ ምክር ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ክር እኛንም ይነካናል።

የእኛ የታሪክ በሽታ የመጨረሻውን ሥራ ከመጀመሪያው ማስቀደም ነው። አፄ ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ ጎንደር ተወልዶ የማይወዳቸው ማን አለ? ነገር ግን ከሥር ያለው ሁሉ ተሰንጥቆ ሳለ የመድፉን አፍ ማሳመር አገር አላዳነም። መንገድ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ጦር፣ ከገበሬው ጋር ስምምነት፣ እነዚህ የባሩዱና የአፈሙዙ ያህል መሠረት ነበሩ። እሳቸው አልመው ጀምረዋቸው ነበር፤ ሳያልቁ ቀሩ። ሴባስቶፖል ግን አለቀ። እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

የጋፋት ስም ደግሞ ቢሾፍቱ ላለው የመሣሪያ ፋብሪካ ተሰጥቷል፤ አምቦ አካባቢም የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ የተመኘነውን አግኝተናል፤ ጥይት በአገራችን ይመረታል። የጥይት ረኀቡ አልፏል። ታዲያ ልባችን አረፈ? ጥይት ባልነበረን ጊዜ የምንፈራው የውጭ ጠላት ነበር። ጥይት ሲኖረን የምንተኩሰው እርስ በርስ ሆነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። በዚህ ጦርነት ማንም ወገን «ጥይቴ በትክክል አልሄደም» ብሎ ሲያዝን አልሰማሁም። ያላሰቡት ቤት ሲመታ ግን አይቻለሁ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ግን እሱም የመጨረሻ ሥራ ነው። ገበሬው ክላሹን የያዘው ሕግ ስላላወቀ አይደለም። ከብቱን፣ ድንበሩንና ልጁን የሚጠብቅለት ሌላ አካል አለ ብሎ ስላላመነ ነው። ያ እምነት ባልተሠራበት አገር መሣሪያ መመዝገብ፣ በተበላ አፈሙዝ ላይ የቀለህ አንገት መላግ ነው። ወረቀቱ ላይ ያምራል፤ አረሩ ግን ያው ወደሚሄድበት ይሄዳል።

«ታዲያ ሕጉ ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ፒፒሲዎቹ አንገት መላጉን አልተዉትም፤ ቦታውን ነው ያወቁለት። መጀመሪያ ዳኛ፣ መጀመሪያ መተማመን፣ መጀመሪያ ገበሬው ችሎት ቀርቦ ፍትሕ ማግኘቱ። ከዚያ ምዝገባው። ያን ጊዜ ያቺ ትንሽ ሥራ ለውጥ ታመጣለች።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ክረምት ወደ ገጠር ወጣ ብዬ ሳለሁ፣ አንድ ልጅ የክላሽ ቀለህ ከንፈሩ ላይ ደግኖ እንደ ፉጨት ሲነፋው አየሁ። ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ኪሱ ውስጥ ሌሎችም ነበሩት፤ ርዝመታቸውን እያነጻጸረ ደረደራቸው። ከየት እንዳመጣቸው ስጠይቀው በአገጩ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር አመለከተኝ።

የዳባቱ ልጅ አያት ቀለህ ሲሰበስቡ ያደጉት በጥይት ረኀብ ዘመን ነው። ይህ ልጅ የሚሰበስበው ደግሞ ከጥጋቡ የተረፈውን ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ተምረናል፤ አፈሙዙ ወደ ማን መዞር እንዳለበት ግን ገና አልተስማማንም። አንገቱን ከመላጋችን በፊት እሱን ብንጨርስ ይሻላል።

የአያቶቻችሁ ውጅግራና ቀለህ ታሪክ ያላችሁ፣ በተለይ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራና ከአርማጭሆ ያላችሁ፣ ከሥር ጻፉልኝ። አሰባስቤ እመለስበታለሁ።

ሰላም ያሰንብተን።